ከማሳ ስለተገኘው ጥቁር ድንጋይና ስለ ሜትዮራይት አመዳደብ

የተከበራችሁ አባላት፣

በጅማ ባደረግነው ስብሰባ ላይ ከማሳ የተነሳውን ጥቁር ድንጋይ እየተቀባበልን ስናይ፣ ማግኔት ስለሳበው ብቻ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ (ሜትዮራይት) ነው የሚል አስተያየት በመሰንዘሩ ይህን ማብራሪያ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በአካባቢያችን በብዛት የሚገኘው ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ አለት ማግኔታይት የተባለ ማዕድን ስለሚይዝ ማግኔትን በመጠኑ ይስባል፤ በድንጋያችን ላይ ያየናቸው ትንንሽ ቀዳዳዎችም ከቅልጥ አለት ጋዝ ሲወጣ የሚቀሩ በመሆናቸው ወደ ባዛልት ያደላሉ።

ከድንጋያማ ሜትዮራይቶች አብዛኞቹ ኮንድራይት የሚባሉት ናቸው። ተቆርጠው ሲለሰልሱ ከጤፍ ፍሬ መጠን የሚቀራረቡ ድቡልቡል እንክብሎች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም የብረትና የኒኬል ቅይጥ ያብለጨልጫል። ዋና ዋና ማዕድኖቻቸው ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ሲሆኑ፣ ትሮይላይት የተባለ የብረትና የድኝ ውህድም አለባቸው።

ተራ የሚባሉትን፣ ማለትም በብዛት የሚገኙትን ኮንድራይቶች ለመመደብ በኦሊቪኑ ውስጥ ያለው ፋያላይት፣ ማለትም ብረት የያዘው ክፍል፣ ይለካል፦ ከ16 እስከ 20 በመቶ ከሆነ ኤች (H)፣ ከ22 እስከ 26 ከሆነ ኤል (L)፣ ከዚያ በላይ እስከ 32 ከሆነ ኤልኤል (LL) ይባላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ በጠቅላላው ብዙ ብረት ያለው ኤች ሆኖ ሳለ በኦሊቪኑ ውስጥ ግን ትንሹን መያዙ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ሳይዋሃድ በብረትነቱ ቀርቷል። ከፊደሉ ቀጥሎ የሚጻፈው ከ3 እስከ 6 ያለው ቁጥር ድንጋዩ በእናት አካሉ፣ ማለትም በተገነጠለበት የሰማይ አካል፣ ውስጥ ሳለ ሙቀት ምን ያህል እንደለወጠው ያመለክታል። በ2005 ዓ.ም. በሩሲያ ቼልያቢንስክ የወደቀው ኤልኤል5 ነው።

ድንጋዩን ለጊዜው እንዳታጥቡት፣ በመዶሻም እንዳትሰብሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።