«ተጠብቀዋል» እያለ ስለሚያጋልጥ የቪፒኤን መተግበሪያ የቀረበ ቅሬታ

ለቪፒኤን አገልግሎት ሰጪው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የመተግበሪያው ኪል ስዊች (የቪፒኤኑ ግንኙነት ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋው ቅንብር) ባለመሥራቱ እና ከዚያ በኋላ በተሰጠኝ ምክር ምክንያት ስለደረሰብኝ ችግር

ላለፉት ሁለት ዓመታት የድርጅታችሁ ከፋይ ደንበኛ ነኝ። መንግሥት የማኅበራዊ ሚዲያዎችንና የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎችን በሚዘጋባቸው ጊዜያት ከሥራ ባልደረቦቼም ሆነ ከቤተሰቤ ጋር የምገናኘው የኢንተርኔት ግንኙነቴን መስጥሮ በሰርቨራችሁ በኩል በሚያሳልፈው በእናንተ የቪፒኤን መተግበሪያ አማካይነት ነው። በእነዚህ ጊዜያት መስመሩ ቢዘገይ እታገሣለሁ፤ ጨርሶ ባይሠራም ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ልታገሠው ያልቻልኩትና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን መተግበሪያው ጥበቃውን ባቋረጠበት ሰዓት እየጠበቀኝ እንዳለ አድርጎ መንገሩ ነው።

ባለፈው ወር እገዳው በተጣለ በሁለተኛው ቀን ምሽት ስልኬ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ተሸጋገረ። ከደቂቃ በፊት ሳነበው የነበረ የዜና ድረ ገጽ በድንገት አልከፈት ሲለኝ መተግበሪያችሁን አየሁት፤ አረንጓዴው ጋሻ እንደበራ፣ ከሥሩም «ተጠብቀዋል» የሚለው ቃል እንደተጻፈ ነበር። ነገሩ ስላጠራጠረኝ የአይፒ አድራሻን (ስልኬ በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) የሚያሳይ ገጽ ከፍቼ ስመለከት የወጣው የእናንተ ሰርቨር አድራሻ ሳይሆን የራሴው፣ ከቴሌኮም ድርጅቴ ስም ጋር ነበር። ገጹን በየአምስት ሰከንዱ እያደስኩ ስከታተል ሰባት ጊዜ ያው አድራሻ ተመላለሰ፤ በስምንተኛው የእናንተ ሰርቨር ተመልሶ መጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሻው ቀለሙን አልቀየረም፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን በሙሉ ይዘጋል የምትሉት ኪል ስዊችም በቅንብሩ ውስጥ በርቶ ነበር።

ግማሽ ደቂቃ ያህል ጊዜ ለእናንተ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ መስመር ሲቀየር በስልኩ ውስጥ ከበስተጀርባ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደገና ለመገናኘት ስለሚሞክሩ፣ ከዋሻው (ከቪፒኤኑ የተመሰጠረ መስመር) ውጭ የሚወጣው ነገር ብዙ የሚሆነው በዚያች ቅጽበት ነው። የድረ ገጾችን አድራሻ የሚጠይቀው የዲኤንኤስ ጥያቄ በተለመደው መንገድ በፖርት 53 ሲላክ ምስጠራ የለውም። ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የምስጠራ ዘዴ ኤችቲቲፒኤስም ቢሆን የምንጽፈውንና የምናነበውን ይሸፍናል እንጂ፣ የምንጎበኘውን ድረ ገጽ ስም በግንኙነቱ መክፈቻ ላይ በአብዛኛው በግልጽ ይተወዋል። ስለዚህ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የትኞቹን የታገዱ አገልግሎቶች እንደምጠቀም በስሜ በተመዘገበ ስልክ ቁጥር መስመር ላይ ሊታይ ችሏል። መተግበሪያው እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ ዳታውን ወዲያው አጠፋ ነበር።

በማግስቱ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፌ ለእርዳታ ክፍላችሁ ላክሁ። የተሰጠኝ መልስ ሰርቨር እንድቀይር፣ ካልሆነም መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና እንድጭን የሚመክር ሦስት መስመር ጽሑፍ ነበር። የተባልኩትን አምኜ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ነው የእናንተ ድረ ገጽ ራሱ ከታገዱት መካከል እንደሆነ፣ የመተግበሪያ ማውረጃውም እንደማይከፈት የተረዳሁት። እገዳ ባለበት ቦታ ላለ ሰው «አጥፍተህ ጫን» ማለት ወንዝ መሀል ላይ ላለ ሰው ጀልባህን ጥለህ ሌላ ፈልግ እንደማለት ነው። መልሱን የጻፉት ባልደረባችሁ ጥያቄዬን አንብበውት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እገዳ እንዳለ መጻፌን ያዩ ነበር።

ለአራት ቀናት ያለ ምንም መሣሪያ ከቆየሁ በኋላ ያወጣኝ ቶር የተባለው፣ ግንኙነትን በበርካታ ሰርቨሮች አሳልፎ እገዳን ለማለፍ የሚረዳ ነጻ መሣሪያ ነው። የቶር ፕሮጀክት ድረ ገጹ ለተዘጋባቸው ሰዎች ማውረጃ አገናኞችን በኢሜይል የሚልክ ጌትቶር የተባለ አገልግሎት አለው፤ መልእክት በላክሁ በደቂቃዎች ውስጥ አገናኙ ደረሰኝ፣ ስኖውፍሌክ የተባለውንም ማለፊያ መርጬ ተገናኘሁ። ስኖውፍሌክ የሚሠራው በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ በጎ ፈቃደኞች በአሳሻቸው ላይ በሚከፍቱት ጊዜያዊ ማለፊያ ስለሆነ አድራሻዎቹን ዘርዝሮ ለመዝጋት አስቸጋሪ ነው። ለትርፍ ያልተቆመ ድርጅት ይህን በነጻ ሲያደርግ፣ የዓመት ክፍያ አስቀድሞ የሚቀበል ድርጅት ደንበኛው መተግበሪያውን መልሶ የሚያገኝበትን አንድ የኢሜይል አድራሻ አለማዘጋጀቱ በጣም አሳዝኖኛል።

መተግበሪያውን ዳግም ካገኘሁት በኋላም ቢሆን የሚገናኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በማስታወቂያችሁ ላይ «ማንኛውንም እገዳ ያልፋል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በስልክ ላይ ያለው የግንኙነት ዘዴ (ፕሮቶኮል) ምርጫ ግን ዋየርጋርድ ብቻ ነው። ዋየርጋርድ ፈጣንና አስተማማኝ ምስጠራ ያለው ፕሮቶኮል መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ማንነቱን ለመደበቅ ተብሎ አልተሠራም። የሚሄደው በዩዲፒ (ከኢንተርኔት የመረጃ መላኪያ ዘዴዎች አንዱ በሆነው) ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የመተዋወቂያ መልእክቱም ሁልጊዜ 148 ባይት ሲሆን የሚጀምረው በማይለወጥ ምልክት ነው። ፓኬቶችን (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ጥቅሎች) የሚፈትሽ መሣሪያ ይዘቱን መፍታት ሳያስፈልገው ዋየርጋርድ መሆኑን ለይቶ ሊቆርጠው ይችላል። ትራፊኩን የተለመደ የድረ ገጽ ግንኙነት የሚያስመስለው ስውር አሠራር በኮምፒውተር መተግበሪያችሁ ላይ አለ፤ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በስልክ ሆኖ ሳለ ስልኩ ላይ ለምን እንደሌለ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርዳታ ክፍላችሁ ለምርመራ ብሎ ከመተግበሪያው የሚወጣ ፋይል እንድልክ ጠይቆኝ ነበር። ከመላኬ በፊት ከፍቼ ሳየው እውነተኛው የአይፒ አድራሻዬ፣ የተገናኘሁባቸው ዋይፋዮች ስም እና የእያንዳንዱ ግንኙነት ሰዓት በግልጽ ተጽፈው አገኘሁ። የደንበኛን መረጃ አንመዘግብም የሚል ድርጅት እንዲህ ያለ ፋይል በስልኬ ላይ ማስቀመጡን፣ ከዚያም ያለ ማስጠንቀቂያ ላክልኝ ማለቱን ልቀበለው አልችልም። ፋይሉንም አልላክሁም።

ስለዚህ በመጀመሪያ መስመር ሲቀየር ኪል ስዊቹ እንደማይሠራ በግልጽ ለደንበኞች ሁሉ እንድታሳውቁ፣ ችግሩ እስኪስተካከልም ተጠቃሚው በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ያለውን ከቪፒኤን ውጭ የሚወጣ ግንኙነትን የመዝጊያ ምርጫ እንዲያበራ በመተግበሪያው ላይ እንድትመሩት እጠይቃለሁ። ጋሻው አረንጓዴ የሚሆነው ዋሻው በእርግጥ መሥራቱ ተፈትሾ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን። መተግበሪያውን በኢሜይል የማግኛ መንገድ እንድታዘጋጁ፣ ስውሩን አሠራር ወደ ስልክ እንድታመጡና እስከዚያው ድረስ «ማንኛውንም እገዳ ያልፋል» የሚለውን ጽሑፍ እንድታነሡም እጠይቃለሁ። የቀረውን የሰባት ወር ክፍያዬን መመለስ የመጨረሻው ጥያቄዬ ነው፤ ሌሎቹ ሳይፈጸሙ እርሱ ብቻ ቢመለስልኝ ቅሬታዬ እንደተፈታ አልቆጥረውም።

የዚያን ምሽት የስምንቱን ፍተሻዎች ምስል የራሴን አድራሻ ሸፍኜ አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ። እባካችሁ በኢሜይል ብቻ ላኩልኝ፤ ባለፈው ጊዜ እንዳደረጋችሁት የድርጅታችሁን ስም የያዘ አጭር የስልክ መልእክት አትላኩልኝ፣ እርሱን ከእኔ በፊት የቴሌኮም ድርጅቱ ሊያነበው ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር
የአገልግሎታችሁ ደንበኛ