የሥነ ጥበብ ክበብ የዘንድሮ ሥራ

ዘንድሮ ክበባችን 14 ልጆች ነበሩት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንገናኝ ነበር። መስከረም ላይ ያሰብነው ቀለም ቅብ ነው። ቀለም ሲወደድብን ወደ ህትመት ሥዕል፣ ማለትም ተቀርጾ ወረቀት ላይ ወደሚታተም ሥዕል ዞርን። እንኳንም ዞርን።

መጀመሪያ የአውሮፓ ህትመቶችን በፎቶ አየን። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት አንዷ ሥራ ብቻዋን ሦስት ሳምንት ወሰደችብን። እ.ኤ.አ. በ1648 የተሠራች፣ ከደብተር ገጽ የማትበልጥ ሥዕል ናት። አንድ ሽማግሌ ከግማሽ በር ጀርባ ቆመው ለለማኝ ሴት ሳንቲም ይሰጣሉ። ሴትዮዋ ልጅ አዝላለች። ልጆቹ ቶሎ ያዩት አንቀልባዋን ነው። እኔ ደግሞ እጆቹን እዩልኝ አልኳቸው። የሰጪና የተቀባይ እጅ የሚገናኙት ሥዕሉ መሃል ላይ ነው። ሬምብራንት ሴትዮዋን መሳቂያ አላደረጋትም። ይህን በጣም እወድለታለሁ።

አሠራሩም ራሱ ደስ ይላል። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀቡታል፤ በመርፌ ይጭሩታል፤ አሲድ ውስጥ ይከቱታል። አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ቀለም የሚይዘው ያ የተበላው መስመር ነው፤ ወረቀት ሲጫኑበት ሥዕሉ ይታተማል። ከአንድ መዳብ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ፣ ቀለም ቅብ መግዛት የማይችል ሰውም ሥዕል ቤቱ ያስገባል።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሆጋርት ግን አከራከረን። እ.ኤ.አ. በ1747 ለንደን ውስጥ ባሳተማቸው 12 ሥዕሎች የሁለት ሽመና ተማሪዎችን ታሪክ ያሳያል። ታታሪው የጌታውን ልጅ አግብቶ የለንደን ከንቲባ ይሆናል። የሰነፉ መጨረሻ ስቅላት ነው። «ድሃ የሚሆነው ሰነፍ ብቻ ነው እንዴ?» አለች አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ። የሆጋርትን ዓይን አደንቃለሁ፤ በዚህ ጥያቄ ግን ከልጅቷ ጋር ነኝ።

መልስ ፍለጋ ወደ ካቴ ኮልቪትዝ ሥራዎች ሄድን። ጀርመናዊት ሠዓሊ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1897 ስለ ሸማኔዎች አመፅ ስድስት ህትመቶች ሠርታለች። በመጀመሪያው እናት ጭንቅላቷን ይዛ ከታመመ ልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ከኋላ ጨለማው ውስጥ የሽመና ዕቃ አለ። ዕቃውን ከሁላችን በፊት የለየችው ያችው ልጅ ናት። አባቷ ሸማኔ ናቸው። ለኮልቪትዝ ህትመቶች ሜዳሊያ እንዲሰጥ ዳኞች ቢጠይቁም የጀርመን ንጉሥ ዳግማዊ ቪልሄልም እምቢ ማለቱን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከጥር ጀምሮ በካርቶን የራሳችንን ቀረጽን። ልጅቷ የአባቷን እጆች ቀረጸች፤ ከሥር ስማቸውን ጻፈች። ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት አልብሳ፣ በማንኪያ ጀርባ ፈተገችው። ስማቸው ተገልብጦ ወጣ። ካርቶኑን ትታ፣ ስማቸውን ገልብጣ በመጻፍ እንደ አዲስ ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ስማቸው በደንብ ይነበባል። አንዱን ቅጂ ለአባቷ ወሰደች፤ ሌላው ቤተ መጻሕፍታችን በር አጠገብ ተሰቅሏል።