የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን ከማርን ወንዝ ጋር

ደረጃው አጠገብ የተሰቀለውን አቡጀዲ ሳታዩት አልቀራችሁም። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነው። በፈረንሳይ የሚፈሰው ማርን ወንዝ 514 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ልጆቹ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሳንቲ ሰጡት። ሰማያዊውን ክር የሰፉት በገዛ እጃቸው ነው። ጨርቁን ከነክሩ ያመጣችልን የአንዷ ተማሪያችን እናት ናት፤ እግዜር ይስጥልን።

መስከረም ላይ የዓመቱን ርዕስ ስናሳውቅ ቅር ያላቸው ወላጆች ነበሩ። "ዓባይ እያለ፣ አድዋ እያለ፣ የፈረንሳይ ወንዝ ምን ያደርግላቸዋል?" ብለው በር ላይ ያቆሙኝ አሉ። ጥያቄው ያገባቸዋል፣ መልስም ይገባቸዋል። አድዋን አምና ሠርተናል። ዓባይንም ልጆቹ ከምንጩ እስከ ሱዳን ድንበር በካርታ ያውቁታል። ግን የሚያድጉት እዚህ ፈረንሳይ ነው። ገሚሶቹ ቤታቸው ከማርን በእግር የሚደረስ ነው። በየቀኑ የሚሻገሩትን ወንዝ ታሪክ ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ሲያወሩት፣ አማርኛው "ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ" ከሚባልበት ቤት ወጣ ይላል። "ገባር"፣ "መጋጠሚያ"፣ "ማፈግፈግ" የሚሉ ቃላት ዘንድሮ ከልጆቻችን አፍ ሰምቻለሁ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ17 ልጆች ጀምረን በ23 ጨረስን። 14 ጊዜ ተሰብስበናል። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠች፣ ደንብ ወጣ። የቃለ ጉባኤው ደብተር ቢሮ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

ወደ ወንዙ ልምጣ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ማርን የሚነሳው ከላንግር አምባ ነው። ሻሎንን፣ የሻምፓኝ ወይን አገር የሆነችውን ኤፔርኔን፣ ሻቶ ቲዬሪንና ሞ የምትባለውን ከተማ አልፎ ፓሪስ ደጃፍ ሻራንተን ላይ ከሴን ይገናኛል። ሮማውያን "ማትሮና" ይሉት ነበር። ስሙ የመጣው ከጥንቶቹ የአገሩ ነዋሪዎች፣ ከጎሎች፣ እናት አምላክ ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ ትንሽ ልጅ "እናት ወንዝ!" ብላ ጮኸች። አቡጀዲው ጫፍ ላይ በቀይ ክር የተሰፋው ያ ቃል ነው።

እናት ቢባልም ጦርነት የተለየው ወንዝ አይደለም። ወደ ፓሪስ ከምሥራቅ የሚመጣ ጦር ይህን ሸለቆ ይከተላል ወይም ይሻገራል። በ1544 የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ጦር ቪትሪን አቃጠላት። ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ በማግሥቱ ዓመት አዲስ ከተማ ወንዙ ዳር ቆርቁሮ ስሙን ሰጣት፤ ዛሬም ቪትሪ ለ ፍራንስዋ ትባላለች። በየካቲት 1814 ናፖሊዮን እዚሁ አካባቢ ሻምፖቤር፣ ሞንሚራይና ሻቶ ቲዬሪ ላይ በቀናት ልዩነት ተዋግቶ አሸነፈ። ፓሪስን ግን አላተረፋትም።

ልጆቹን የያዛቸው 1914፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ እየቀረበ ነው፤ መንግሥት ወደ ቦርዶ ሸሽቷል። የጀርመኑ ጄኔራል ፎን ክሉክ ፓሪስን በስተ ቀኙ ትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታጠፍ ጎኑ ተጋለጠ። የፓሪስ አዛዥ ጋሊዬኒ ይህን አየ። ጠቅላይ አዛዡ ዦፍር ጦሩን አዙሮ እንዲያጠቃ አዘዘ። በሁለቱ የጀርመን ጦሮች መሀል ክፍተት ተፈጠረ፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በዚያ ገብተው ማርንን ተሻገሩ። ጀርመኖችም ወደ ኤን ወንዝ አፈገፈጉ።

ሁሉም የሚያውቀው ግን ታክሲዎቹን ነው። ሴፕቴምበር 6 ማታ የፓሪስ ታክሲዎች አንቫሊድ ሜዳ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። በጠቅላላው 600 ገደማ ታክሲዎች ጥቂት ሺህ ወታደሮችን ወደ ግንባር አደረሱ። ውጊያውን ያሸነፉት እነሱ አይደሉም፤ አብዛኛው ወታደር የሄደው በባቡርና በእግር ነው። ልጆቹ ይህንንም እንዲያውቁ አድርጌአለሁ። ሆኖም ታክሲው ሲነሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ዲሴምበር ላይ አንቫሊድ ያለውን የጦር ሙዚየም አየን። ከ18 ዓመት በታች መግቢያ ነፃ ስለሆነ የከፈልነው የሜትሮ ብቻ ነው። እዚያ ከነዚያ ረኖ ታክሲዎች አንዷ ቆማለች። አንድ የ11 ዓመት ልጅ አጠገቧ ቆሞ ቀረ። ይህ ልጅ ዝምተኛ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆቻችን ምን ይሠራሉ ስንባባል ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያለፈ ነው። ቆጣሪዋን እያየ "ቲቸር፣ ቆጣሪው ይሠራ ነበር?" አለኝ። ይሠራ ነበር አልኩት። መንግሥት ሒሳቡን ከፍሏል፤ ከ70,000 ፍራንክ በላይ ነው። ለሾፌሮቹ የደረሳቸው ግን ቆጣሪው ካነበበው 27 በመቶ ነው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሁሉም እየሰሙት፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "አባቴም ታክሲ ነው የሚነዳው" አለ።

የማርች ጉዟችን ቀረ። ወንዙ ሞልቶ የዳር መንገዱን ዋጠው፣ እኔም ደፍሬ ልጆቹን አልወሰድኩም። ፕሮጀክተሩም የካቲት ላይ ተበላሽቶ እስካሁን አልተሠራም። በ1918 የበጋው ውጊያ የተካሄደባትን ሻቶ ቲዬሪንም ሳናይ ቀረን፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሜይ ላይ ግን ተሳካልን። ከጋር ደ ለስት ጣቢያ ባቡር ይዘን ላ ፌርቴ ሱ ዡዋር ወረድን። ወንዙ በመስኮት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ልጆቹ በየመስኮቱ ተለጥፈው "ያው! ያው!" ይላሉ። እዚያ በ1914፣ በጦርነቱ መጀመሪያዎቹ ወራት ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ3,700 በላይ እንግሊዛውያን ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። በወዲህና በወዲያ ማዶ ደግሞ ሁለት የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። ድልድዩ ፈርሶ ስለነበር የእንግሊዝ መሐንዲሶች በጀልባ ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ የዘረጉት በነዚያ መሀል ነው።

የዚያ ልጅ አባት አብረውን መጥተው ነበር፤ የቀን ሥራቸውን ትተው። ዳቦ ቆርሰን ሳሩ ላይ ተቀመጥን። ታክሲዎቹ ፊት መብራታቸውን አጥፍተው፣ እርስ በርስ የኋላ መብራት እያዩ እንደሄዱ ለልጆቹ አስታወስኳቸው። እሳቸውም "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አሉ። ሹፌርነት የጀመሩት አሰብ መንገድ ላይ ነው፣ በከባድ መኪና። "ማታ ተያይዘን ስንነዳ ዓይኔን ከፊቴ ካለው ቀይ መብራት አልነቅልም። እሱ ገደል ከገባ እኔም ገባሁ። ስለዚህ የፊተኛውን ሰው ማመን አለብህ።" 23 ልጅ ትንፍሽ አላለም። ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ እጁን አድርጎ፣ ቀና ብሎ እያንዳንዱን ጓደኛውን ያይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

ስንመለስ ባቡር ላይ "የኛ ሰዎችስ ነበሩ?" የሚል ጥያቄ መጣ። በሴፕቴምበር 5 1914 ሞ አቅራቢያ፣ ፓንሻር ላይ የሞሮኮ ብርጌድ ተዋግቷል። ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ደግሞ የሶማሌ ሻለቃ መጥቷል፤ ማርን ላይ ሳይሆን በ1916 ቨርደን አጠገብ ዱዎሞን ምሽግ ከጀርመኖች እጅ ሲመለስ ተሰልፏል። የሚቀጥለውን ዓመት ጥናት ልጆቹ ራሳቸው በዚህ መረጡት።

አሁን ስለ ገንዘብ በግልጽ ልናገር። የክበቡ የዓመት በጀት ለዓመት መዝጊያው ድግስ ለስላሳ መጠጥ ብቻ ከምናወጣው ያንሳል። መቀስ የገዛሁት ከኪሴ ነው። ይህን የምለው ለምስጋና አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ እንደማይቀጥል ስለማውቅ ነው።

ልጆቹ ሌላም የለመኑት አለ። ከፓሪስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዴር የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ፓሪስን እንደ 1910ሩ ካለ ጎርፍ ለመከላከል የማርንን ውኃ የሚያቁር ነው። በ1974 ሲጠናቀቅ ሦስት መንደሮች ከሥሩ ቀርተዋል። የአንደኛዋ መንደር ቤተ ክርስቲያን እንጨት በእንጨት ተፈትቶ ሌላ ቦታ ተተክሏል። ያንን ቤተ ክርስቲያን ማየት ይፈልጋሉ። አውቶቡስ ጠየቅን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጁ አባት አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ። እሳቸውና ሦስት የሥራ ጓደኞቻቸው በአራት ታክሲ ሊወስዱን ተስማምተዋል። ለድካማቸው ምንም አይጠይቁም። የነዳጁንና የአውራ ጎዳናውን ክፍያ ብቻ ጽፈዋል። አራቱ ታክሲዎች 16 ልጅ ይይዛሉ። መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ የሰባት ልጅ መቀመጫ ይቀረናል። ስማችሁን ቢሮ ያለው ደብተር ላይ አስመዝግቡልኝ።