«ታዲያ ሌባውም ሰምቷል ማለት ነዋ!»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። በዚህ ሙያ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በወረንጦና በካውያ ስለማይጠገን ነገር፣ ስለ ስልክ ማሻሻያ (አፕዴት) ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ «ሰኞ ገበያ» በሚባለው ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ከስድስተኛ ክፍል ልጃቸው ጋር መጡ። ስልኩ ይንቀራፈፋል አሉኝ። ገንዘብ የሚቀበሉትም የሚልኩትም በዚያው ስልክ በቴሌብር ነው። ማንበብ ስለማይችሉ መልእክቱን የሚያነብላቸው ልጁ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የተጫነበትን ጊዜ አወጣሁና ለልጁ አሳየሁት። «ማርች 2022» ብሎ አነበበ። ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረና «ጋሼ፣ ያኔ እኮ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ» አለ። ማሻሻያ መጥቷል የሚል መልእክት ብቅ ባለ ቁጥር «በኋላ» የሚለውን የሚነካው እሱ ነበር። ካርድ ይበላል ተብሏል። እናቱ ሊቆጡት ሲሉ እባክዎን ይተዉት አልኳቸው፤ ማሻሻያው ለምን እንደሚያስፈልግ ለዚህ ልጅ የነገረው ሰው የለምና።

«አብሽር» አልኩትና የሱቄን ጓጉንቸር አንስቼ ሰጠሁት። «የእናትህ ዕቃ የሚቆለፈው በዚህ ነው እንበል። ሠሪው ‹ይህ ጓጉንቸር በቀጭን ሚስማር እንደሚከፈት ደርሼበታለሁ፤ ኑና የታረመውን በነጻ ውሰዱ› ብሎ በገበያው መሀል አስነገረ። አንተ ግን በኋላ እወስዳለሁ ብለህ ቀረህ።» ልጁ ጓጉንቸሩን አገላብጦ አየና «ታዲያ ሌባውም ሰምቷል ማለት ነዋ!» አለኝ።

ብዙ ትልልቅ ሰዎች የማያውቁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ማሻሻያ ሲወጣ የፕሮግራሙ ቀዳዳ፣ ማለትም ሌባ የሚገባበት ጉድለት፣ የት እንደነበረ አብሮ ይታወቃል፤ ያላደሰውን ሰው እየፈለጉ የሚያጠቁም አሉ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ቀዳዳ የገባው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የተነሳው ግንቦት 4 ቀን ነው። ሁለት ወር ገደማ መሆኑ ነው። በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተጠቁ፤ ባለቤቶቹ የተቆለፈባቸውን ፋይል ለማስከፈት ገንዘብ ተጠየቁ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ፣ ሕሙማን ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ። ይህን ስነግረው ልጁ ስለ ገንዘቡ አልጠየቀኝም። «በሽተኞቹ ምን ሆኑ?» ነው ያለው።

«እኔ ጠንቃቃ ነኝ፣ የማላውቀውን አልነካም» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ዋትስአፕ ላይ በተገኘው ቀዳዳ፣ ባለቤቱ የተደወለለትን ጥሪ ባያነሳ እንኳ ሰላይ ፕሮግራም ስልኩ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ያንን ቀዳዳ የደፈነው ማሻሻያ ነው።

የልጄን የአይሲቲ ደብተር አገላብጬ አይቻለሁ። የኮምፒውተር ክፍሎች ስምና ትርጓሜ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል፤ ስለ ማሻሻያ ግን አንድም መስመር አላገኘሁም። መምህራኑ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። በከተማችን በብዙ ቤት ስልኩን የሚያውቀው ልጁ ነው። የቤቱ ገንዘብ ያለው እሱ በሚነካው ስልክ ላይ ነውና ከሌላው ትምህርት ቀድሞ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

የካርዱ ነገር እውነት ነው። አንድ ማሻሻያ አንዳንዴ ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ በርበሬ ሸጦ ለሚያድር ቤት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ልጆች መላውንም ይማሩ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ይጫኑት፤ ስልኩ ከሞላ የማይፈለገውን ቪዲዮ ያጥፉ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ዋይፋዬን ለተማሪዎች ከፍቻለሁ፤ ሌሎች ባለ ሱቆችም እንዲከፍቱ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ልጁን አድስ ብለን ብቻ ከተውነው በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የሚላክለትን «አፕሊኬሽንዎን ያድሱ» የሚል ሊንክ ሁሉ ይነካል። እውነተኛው ማሻሻያ ከስልኩ ሴቲንግና ከፕሌይ ስቶር እንጂ ሰው ከላከው ሊንክ እንደማይወሰድ አብሮ ይነገረው። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመለት አሮጌ ስልክም ለፎቶና ለዘፈን ይሁን፤ ገንዘብ አይንቀሳቀስበት። ትምህርት ቤቶችም የኮምፒውተር ክፍላቸውን ይመልከቱ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል።

ጋዜጣችሁ ይህን በልጆች ቋንቋ በአንድ ገጽ ቢያወጣልን፣ ገጹን ቆርጬ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። የበርበሬ ነጋዴዋ ስልክ ታድሶ እስኪያልቅ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመቶኛውን ቁጥር ሲከታተል ቆየ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ የአክስቴንም ስልክ ቅዳሜ ላምጣው?» አለኝ። አምጣው ብየዋለሁ።

የሞባይል ጥገና ባለሙያ
ከደሴ