ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ሶፍትዌሩ ከየት ያምጣው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአየር ሁኔታ ራዳር ፋይል በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተከፍቶ የሞገድ ርዝመቱ ወይም የናይኲስት ፍጥነቱ (ራዳሩ ሳያሳስት ሊለካው የሚችለው የፍጥነት ገደብ) ሲጎድል፣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ላይ ያርፋል። አንዳንዴ ጥፋተኛው በእርግጥ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ሜታዳታው፣ ማለትም ልኬቶቹን የሚገልጸው መረጃ፣ ከመነሻውም አልተጻፈም። ይህን ሳይለዩ ኮድ መነካካት ድካም ብቻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። የራዳር ልኬት ከሚቀመጥባቸው የፋይል ዓይነቶች ለኤችዲኤፍ5 ኤች5ደምፕ የተባለውን የፋይል ማሳያ ፕሮግራም በትልቁ «ኤ» አማራጭ (h5dump -A) ማስኬድ ነው፤ ልኬቶቹን ትቶ መግለጫዎቹን ብቻ ይዘረዝራል። ለኔትሲዲኤፍ ደግሞ ኤንሲደምፕ በትንሹ «ኤች» (ncdump -h) ይበቃል። የአውሮፓ ራዳሮች በሚጠቀሙበት የኦዲም ቅርጽ ሜታዳታው «ዋት»፣ «ዌር» እና «ሃው» በተባሉ ክፍሎች ይቀመጣል። ጊዜ፣ ቦታና የአንቴና ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ ስላሉ እምብዛም አይጠፉም። የሞገድ ርዝመትና ናይኲስት ያሉት ግን «ሃው» ውስጥ ነው፤ እሱን መሙላት ደግሞ በአብዛኛው ለአዘጋጁ የተተወ ነው። «ሃው» በፋይሉ አናትም በእያንዳንዱ የአንቴና ዙር ሥርም ሊኖር ስለሚችል አንዱን ብቻ አይቶ «የለም» ማለት አይገባም።

ፋይሉ ውስጥ እያለ ካልታየ ችግሩ የአንባቢው ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ ፓይ-አርት፣ የራዳር ፋይል የሚያነብ የፓይተን ሶፍትዌር፣ ኦዲም ሲያነብ የመሣሪያ መለኪያዎችን ቦታ ባዶ ሊተወው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከናይኲስት ገደብ በማለፉ ታጥፎ (በተሳሳተ ዋጋ) የተነበበውን የዶፕለር ፍጥነት የሚያርመው ክፍል ናይኲስት አጣሁ ብሎ ይቆማል። ዋጋውን ኤች5ፓይ በተባለው የፓይተን መሣሪያ አንብቦ ለማረሚያው በቀጥታ መስጠት ይቻላል። ጭራሽ ካልተጻፈ የሞገድ ርዝመቱን በሰከንድ በሚላኩት ፐልሶች (አጫጭር የሞገድ ምቶች) ብዛት አባዝቶ ለ4 ማካፈል ነው፤ 5.3 ሴንቲሜትርና 1000 ፐልስ 13.25 ሜትር በሰከንድ ይሰጣሉ። ነገር ግን ራዳሩ ሁለት የፐልስ ድግግሞሾችን በ4 ለ 3 እያፈራረቀ ከሠራ፣ ትክክለኛው ገደብ በከፍተኛው ድግግሞሽ ከተሰላው 3 እጥፍ ይሆናል። ይህን ሳያጣሩ ከመገመት የጎደለውን እንደጎደለ መተው ይሻላል፤ የጎደለ ዋጋ ሥራውን ያቆማል፣ የተሳሳተው ግን ያስቀጥላል።

ኔክስራድ በተባለው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ራዳር መረብ የድሮ ፋይሎች ደግሞ የጣቢያው ኬክሮስና ኬንትሮስ ራሱ የለም። ፓይ-አርት ቦታውን ከራሱ ሠንጠረዥ ይወስዳል፤ የጣቢያውን መለያ ካልሰጡት ከፋይሉ ስም ላይ ያነበዋል። ፋይሉን እንደፈለጉ የሰየሙ ሰዎች እንግዲህ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ባለአራት ፊደሉን መለያ አብሮ መስጠት ይህን ይፈታዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የማያሰማው ጉድለት ነው። ኦዲም «ጨረሩ ደርሷል፣ ነገር ግን ምንም አልተመለሰም» እና «ጨረሩ አልደረሰም» የሚሉትን በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይለያል፤ ለምሳሌ 0 እና 255። ማባዣው 0.5፣ መደመሪያው −32 ሆኖ ሳለ እነዚህ ሳይለዩ ቢሰሉ −32 እና 95.5 ዲቢዜድ (የራዳር ነጸብራቅ መለኪያ) ይሆናሉ፤ ሁለተኛውን ሰማይ አያውቀውም። ሁለቱንም በአንድነት መሸፈንም፣ ማለትም እንደ ባዶ ቆጥሮ ከስሌት ማስወጣትም፣ መፍትሔ አይደለም። ደረቁ ቦታ እንዳልታየ ስለሚቆጠር፣ የወር ዝናብ አማካይ ዝናብ ከነበረባቸው ዙሮች ብቻ ይሰላና ይጋነናል። የመጀመሪያው ዜሮ ዝናብ፣ ሁለተኛው ብቻ ባዶ መሆን አለበት።

ፋይል የሚያዘጋጁ ክፍሎች «ሃው»ን ይሙሉልን። በእጅ የሚሞሉም፣ ፋይሉን ሲኤፍራዲያል በተባለው የራዳር ፋይል ቅርጽ ሲያስቀምጡ የትኛው ዋጋ ከየት እንደመጣ በ«ሂስትሪ» መግለጫው ላይ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ተጠቃሚ ግምቱን ከራዳሩ የመጣ መለኪያ አድርጎ ይወስደዋል።

ከአክብሮት ጋር