ልጆቹ እስኪያድጉ አትጠብቂ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከእማማ አርባ ወዲህ እኮ አልተነጋገርንም። «እግዜር ያጥናሽ» ከማለት ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ቆየሁ። ከሐሳቤ ግን አልወጣሽም።

አሁን የምጽፍልሽ ለፋሲካ ልጆቼን ይዤ ለንደን ሄጄ እህትሽን ስላገኘኋት ነው። ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። ስናወራ «በየዓመቱ ኑ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ልጆቹ ነፍስ ይወቁ ትለኛለች» አለችኝ። ቅር ብሏታል። ከሐዘኑ በኋላ ቤቱ ጭር እንዳለባት ፊቷ ላይ ይታያል።

እኔ እንደውም አሁን ውሰጃቸው ነው የምልሽ። የኔዎቹ ሰባትና ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ያንቺዎቹም ከነሱ ብዙ አይርቁም። ያን ትልቅ ከተማ ከትንንሽ ልጆች ጋር ማየት እንደሚቻል በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ለልጅ የተሠራ ከተማ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገርሽ፣ እሱን እንደምትፈሪ ስለማውቅ። ከ11 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአንቺ ጋር እስከሆነ ድረስ በምድር ውስጥ ባቡሩ አይከፍልም። ባስ ላይም ነፃ ነው። አንቺ ካርድሽን ታስነኪያለሽ፣ በቃ። ችግሩ የልጅ ጋሪው ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1863 የተጀመረ ስለሆነ ብዙዎቹ ጣቢያዎች አሳንሰር የላቸውም፣ ደረጃ ብቻ። ስለዚህ ቀላልና የሚታጠፍ ጋሪ ያዢ፣ ከቻልሽ ደግሞ ባስ ምረጪ። ጋሪውን አጥፋችሁ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከፊት ለፊት መስታወቱ ጋ ከተቀመጣችሁ ልጆቹ ሌላ ጉብኝት አያምራቸውም። ለአስጎብኚ ባስ ብዙ ገንዘብ ከመክፈል ተራው ቀይ ባስ ይሻላል፣ ያው ድልድዩንም፣ ቤተ መንግሥቱንም፣ ትልቁን ሰዓትም ያሳያችኋል። ወደ ግሪኒች የሚወስደው ቀላል ባቡር ደግሞ ከፊት የሹፌር ክፍል የለውም፣ የፊት ወንበር ካገኛችሁ ልጆችሽ ራሳቸው የሚነዱት ይመስላቸዋል። የኔ ልጅ እስክንወርድ ድረስ በአፉ ሞተር ሲያስነሳ ነበር።

ሙዚየሞቹ ነፃ ናቸው፣ ትልልቆቹ ማለቴ ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስትገቢ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም አለ፣ ከ25 ሜትር ይበልጣል። ትንሿ ቀና ብላ አይታው እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፣ ከዚያ «ተኝቷል?» አለችኝ። ቀድመሽ በኢንተርኔት የመግቢያ ሰዓት ያዢ፣ ክፍያ የለውም፣ ጠዋት ገና ሲከፈት ግቢ። ቀትር ላይ ዳይኖሰሮቹ ጋ መቆሚያ የለም። ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ሙዚየም አትሞክሪ፣ ከአንዱ በኋላ ወደ ፓርክ ነው። ኬንሲንግተን ጋርደንስ ውስጥ በልዕልት ዳያና ስም የተሰየመ መጫወቻ አለ፣ አሸዋ ያለው፣ እዚያ ልቀቂያቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት ጋ ደረስኩ። ከዓሣ ነባሪው ሙዚየም መንገዱን ተሻግሮ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት የሚባለው ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው ዕቃዎች መካከል አንድ የወርቅ ዘውድ እዚያ ይገኛል። ትልቁን ልጄን ይዤው ገባሁ። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ትንሽ ትንሽ ነግሬው ስለነበር ዘውዱን ሲያይ «ይሄ የኛ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ነገርኩት። ሲወስዱት ሰባት ዓመቱ ነበር ስለው «እንደኔ?» አለ። «እናቱስ?» አለ ቀጥሎ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጇ ጋር እየሄደች ወደ ባሕሩ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ማረፏን ነገርኩት። ልዑሉም አገሩን ዳግም ሳያይ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር በሳንባ ሕመም እንደሞተ፣ ዊንዘር እንደተቀበረ ነገርኩት። «ለምን አይመልሱትም?» አለኝ። አስከሬኑ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተ መንግሥቱ እንቢ ማለቱን ስነግረው ተቆጣ። እውነተኛ ቁጣ! ማታ እህትሽ ቤት ሆኖ ልዑሉን ሳለው፣ በመርከብ ወደ ጎንደር ሲመለስ። ጎንደር ባሕር እንደሌላት አልነገርኩትም።

ነፍስ እስኪያውቁ ትያለሽ። የትኛው ትልቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው? እኔ ራሴ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምሬው አልፌዋለሁ። ቁጭቱ የገባኝ እሱ ሲጠይቀኝ ነው። የኛ ልጆች ውጭ አገር ተወልደው ስለ አገራቸው የሚሰሙት ወይ ጦርነት ወይ ረሃብ ነው። ይህን ዘውድ ሲያዩ ግን ምን ያህል ነገር እንደነበረን ያያሉ።

ብሪቲሽ ሙዚየምም ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፣ ተዘግቶባቸው ነው ያሉት። እኔ በሩ ጋ ስደርስ ተሳልሜ አለፍኩ፣ ሆዴን በላኝ። ከዚያ በእግር ትንሽ ሄድ ስትዪ ኮራምስ ፊልድስ የሚባል የልጆች ሜዳ ታገኛለሽ። ድሮ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የነበረበት ቦታ ነው፣ ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1739 ያቋቋመው። ዛሬ በሩ ላይ ያለው ሕግ ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባም ይላል። አየሽ፣ ያለ ልጅ የማትገቢበት ቦታ አለ ማለት ነው! ውኃ መራጫም አለው፣ ቅያሪ ልብስ ያዢ።

የቀረውን ቶሎ ልበልልሽ። የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ሲቀያየሩ ለማየት ሕዝቡ ስለሚበዛ ልጅ ምንም አያይም፣ ተዪው። ኋይትሆል የሚባለው መንገድ ላይ ያሉት የፈረስ ዘበኞች ጋ በ5 ሰዓት ጠዋት ሂዱ፣ ፈረሶቹን በቅርብ ያያሉ። እሑድ ከሆነ 4 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ጎን ያለው ሴንት ጄምስ ፓርክ ደግሞ ፔሊካኖች አሉ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የምናያቸው ዓይነት ነጫጮቹ። እ.ኤ.አ. በ1664 የሩሲያ አምባሳደር ስጦታ ካመጣ ጀምሮ እዚያ ይኖራሉ። ምግብ ከቤት ያዙ፣ ውጭ ውድ ነው። እህትሽ ዳቦ ቆሎ ስትቋጥርልን ነበር፣ ፓርክ ውስጥ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን በላን።

ዊንዘር አልሄድንም። ትንሿ ደክሟት ስለነበር ተውኩት። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ግን እሑድ እሑድ ልዑሉ ያረፈበት ጸሎት ቤት ለጎብኚ ዝግ ነው። ልጄ አሁንም «መቼ ነው የምንሄደው?» ይለኛል። ልጆችሽን ይዘሽ ብትመጪ አብረን እንሄድ ነበር፣ የሳለውንም ይዞለት ይሂድ። እኔ ከፍራንክፈርት መምጣት አይከብደኝም።

እህትሽ ሳሎኑን ለልጆቹ እለቃለሁ ብላለች፣ ፍራሽ ሳይቀር አሳይታኛለች። የዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍታቸው መቼ እንደሚጀምር ጻፊልኝና የኔን ፈቃድ ከዚያው ጋር ላስተካክል። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ