ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ነው እንዴ ዋጋ የሚነገረው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የመኪና ጥገና ተወደደ ብዬ ላማርር አይደለም የጻፍኩት። መወደዱን ማን አጣው? ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ሆኗል። መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። መካኒኩ ምን ያድርግ? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባለመኪናው ዋጋውን ማወቅ ያለበት መቼ ነው?

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከአዲስ አበባ ስመለስ ዓባይ በረሃን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስይዝ ሙቀቷ ናረ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ያውም በዚያ ሙቀት። በመጨረሻ ተጎትታ ደብረ ማርቆስ ገባች።

ጋራዥ ወሰድኳት። "ጋሼ፣ ሳይከፈት ምንም ማለት አይቻልም" አለኝ መካኒኩ። እውነቱን ነው፣ የሞተር ነገር ከውጭ አይታይም። ግን "ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ይህን ያህል፣ ቴስታታው ከተጣመመም ይህን ያህል" ማለት ይቻላል እኮ። ቴስታታ የሞተሩ የላይ ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ። በኋላ ደወለልኝ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ተጣሟልና ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጥ አለበት አለኝ። ስንት ነው ስለው "ኧረ አንጣላም ጋሼ" አለ። ይቺ "አንጣላም" የምትባል ነገር ስንት ብር እንደምታወጣ ያየሁት ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

ከደብተር በተቀደደች ወረቀት ላይ ተጽፎ መጣ። ጓርኒሲዮን 6,500፣ ቶርኖ ቤት 4,000፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያሳልፈው ቫልቭ) 3,500፣ ዘይት 4,500፣ የእጅ 15,000፣ "ልዩ ልዩ" 4,500። ድምሩ 38,000 ብር። ልዩ ልዩው ምንድን ነው? ሲሊኮን፣ ማጠቢያ ቤንዚን፣ ጨርቅ፣ ምናምን። ምናምኑ ከቶርኖ ቤቱ በለጠ ማለት ነው።

የወጡትን ዕቃዎች ስጡኝ አልኩ። የመካኒኩ ረዳት ልጅ መጀመሪያ የአለቃውን ፊት አየ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ፈልጎ አመጣልኝ። ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል ጠቁሮ ተበልቷል። እዚህ ላይ መካኒኩ አልዋሸኝም። ቴርሞስታቱን ግን "ሞቷል፣ አይከፍትም" ነበር ያለኝ። ቤት ወስጄ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጣድኩት። ላዩ ላይ 82 ተብሎ ተጽፏል፣ በዚያ ሙቀት መከፈት አለበት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ከፍታው 2,400 ሜትር ስለሚሆን ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ለዚህ ፈተና ግን በቂ ነው። ውሃው መንተክተክ ሳይጀምር ቫልቩ ቀስ እያለ ተከፈተ። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ገጠመ። ጤነኛ ነው!

ሞተር ከተከፈተ አይቀር ቴርሞስታት አብሮ መቀየር መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ጥሩ መካኒኮች ያደርጉታል። ጭራሽ አውጥቶ ከሚጥለውም ይሻላል (እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይሠራና ነዳጅ ይጠጣል)። ግን "ለጥንቃቄ ልቀይረው?" ብሎ መጠየቅ ሌላ፣ ሞቷል ብሎ 3,500 መቀበል ሌላ።

15,000 የእጅ ዋጋ ፍትሐዊ ነው አይደለም? ሁለት የማውቃቸውን መካኒኮች ጠየቅኩ። አንዱ "እንዲያውም አስተያይቶሃል" አለኝ፣ ሌላው ግማሹ ይበቃ ነበር አለ። ቴስታታ አውርዶ መግጠም ቀላል ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለጋራዦችም ኪራይ አለባቸው፣ በዱቤ አሠርቶ የሚጠፋ ደንበኛም ሞልቷል። ነገር ግን ሞተርህ ተፈቶ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላ ምን ብለህ ትከራከራለህ? ሰብስቤ ልሂድ አትል ነገር።

ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል" ተባልኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ መስጠትን የነጋዴው ግዴታ አድርጎታል፣ የአገልግሎት ዋጋም በግልጽ እንዲለጠፍ ያዛል። እኔ በሄድኩበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የኳስ ቡድን ፎቶ ነው።

የከተማችን ንግድ ቢሮ ዳቦ ቤት ሲቆጣጠር አያለሁ፣ ጋራዥ ሲገባ ግን አላየሁም። ቢያንስ ሥራ ሳይጀመር ግምቱ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ከግምቱ ካለፈ ተደውሎ ይጠየቅ፣ የተቀየረው ዕቃ ሳይጠየቅ ለባለቤቱ ይመለስ። ለዚህ አዲስ ሕግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ካርኒ ይበቃል። ባሕር ዳር፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ እስኪ መልሱልኝ፤ የኮሮላ ቴስታታ አውርዶ ለመግጠም ስንት ታስከፍላላችሁ? ዋጋውን ለደንበኛው የምትነግሩትስ መቼ ነው?

አንድ ባለመኪና፣ ከደብረ ማርቆስ